ከመስመሩ በላይ ያለው ሳሙና



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ማሽኑ ውስጥ ስለምንጨምረው የሳሙና መጠን። አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ኡስታዝ ዛሬስ ርዕስ አለቀበት» ትሉ ይሆናል። ትንሽ ታገሱኝ። ይህ ጉዳይ አንድ ወንድማችንን ለሁለት ወር ያህል ከጀመዓ ሰላት ያስቀረ ነው። በዚያ ውስጥ ደግሞ የእኔም ጥፋት አለበት።

ከእናቴ ቤት ልጀምር።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ያጠበችው በእጇ ነው። የአምስት ልጆችን ልብስ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ እያሸች ነው ያሳደገችን። ባለፈው ዓመት ከወንድምና እህቶቼ ጋር አዋጥተን ከፊት የሚከፈት፣ 7 ኪሎ የሚይዝ ማሽን ገዛንላት። ዱዓዋን ጠገብን። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ክንዷንና አንገቷን ያሳክካት ጀመር። ቅባት ገዛሁላት። የምግብ ነገር ይሆናል ብዬ እንቁላል አስቆምኳት። ሐኪም ጋርም ሄድን፤ ሌላ ቅባት ታዘዘላት። ፎጣዋ እንደ ካርቶን ደርቋል፣ የማሽኑ በር ሲከፈት የረጋ ውሃ ሽታ ይመጣል፤ ይህን ሁሉ እያየሁ አንዱን ከአንዱ አላገናኘሁትም። ልብ በሉ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው።

ነገሩን ያገኘችው የአክስቴ ልጅ ናት። ጂዳ በሰው ቤት ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች፣ እኛ በመጽሐፍ የምናውቀውን እሷ በእጇ የምታውቅ ሴት። እናቴን ልትጠይቅ መጥታ ፎጣውን ዳበስ አደረገችና «አክስቴ፣ ሳሙና ስንት ነው የምታደርጊው?» አለቻት። እናቴ በኩራት የሻይ ብርጭቆ አነሳች፤ ሁለት፣ ሙሉ ሙሉ። የሚታጠበው ደግሞ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ጉፍታና ሁለት ፎጣ ነው። የአክስቴ ልጅ ሳቋ መጣ። ታጥቦ የደረቀውን ፎጣ ወሰደች፣ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጋ ነከረችው፣ ጨመቅ ለቀቅ አደረገችው። ውሃው ነጣ፣ አረፋ ሠራ። አንድ ጠብታ ሳሙና ሳይጨመርበት።

እናቴ ግን በቀላሉ አልተረታችም። «አረፋ ከሌለው ምኑን ታጠበ?» አለች።

እውነት ለመናገር ጥያቄዋ የየዋህ ጥያቄ አይደለም። በእጅ ስናጥብ አረፋው ምልክት ነበር። እድፉ ሳሙናውን ሲጨርሰው አረፋው ይከስማል፤ ያኔ እናቶቻችን «ጨምሪበት» ይላሉ። ትክክል ነበሩ። ለእጅ እጥበት የሚሠራ የዱቄት ሳሙናም አረፋው እንዲበዛ ሆኖ ነው የሚዘጋጀው፤ ገዢው አረፋ ካላየ አያምንማ። ለማሽን የሚሠራው ግን በተቃራኒው አረፋ የሚቀንስ ነገር ይገባበታል። አረፋ አለማሳየቱ ሳሙና የለውም ማለት አይደለም።

የሚያጸዳው አረፋው አይደለም። የሳሙናው ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል። ቅባት ወዳዱ ጫፍ እድፉ ላይ ይሰካል፣ ውሃ ወዳዱ ጫፍ ወደ ውሃው ይስበዋል፤ ብዙ ሆነው እድፉን ከበው ከጨርቁ ያነሱታል። ለዚያ እድፍ የሚበቃው ሳሙና ከገባ በኋላ የተረፈው ሥራ ፈት ነው። ሥራ ፈት ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። ከፊት የሚከፈት ማሽን የሚያጥበው ልብሱን ከፍ እያደረገ ጥቂት ውሃ ላይ በመጣልና እርስ በርሱ በማፋተግ ነው። አረፋው ሲበዛ በልብሶቹ መሃል እንደ ፍራሽ ይነጠፋል። ልብሱ ይወድቃል ግን አይመታም፤ ይዞራል ግን አይፋተግም። የማለቅለቂያው ውሃ ደግሞ የተለካው ለተለካ ሳሙና ስለሆነ ትርፉን ጠርጎ አይጨርሰውም። የቀረው ፎጣውን ያደርቀዋል፣ ጥቁር ዐባያ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ላብ ሲያገኘው ቆዳ ላይ ይሟሟል። በበሩ ጎማ እጥፋትና በሳሙናው መሳቢያ ውስጥ የሚጠራቀመው ዝቃጭ የባክቴሪያና የሻጋታ ቤት ይሆናል፤ ሽታው ከዚያ ነው። ታዲያ ሰው ማሽኑ ሲሸተው ምን ያደርጋል? ሳሙና ይጨምራል!

አንዳንድ ማሽኖች አረፋው መብዛቱን ሲያውቁ በራሳቸው ተጨማሪ ውሃ እየሳቡ ደጋግመው ያለቀልቃሉ። እናቴ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የጋራው ሮቶ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ከአንድ ቀሚስ ላይ ሳሙና ለማስወጣት ሲያልቅ፣ ጎረቤት ለሱብሂ ዉዱእ የሚያደርግበት ያጣል። ይህን የሐቅ ጉዳይ እያንዳንዳችሁ በየሕንፃችሁ አስቡበት።

ብዙዎቻችን ኢስራፍ ሲባል ትዝ የሚለን የሠርግ ድግስ ወይም የስልክ ዋጋ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን መጠንን በንጽህናው በራሱ ውስጥ ሳይቀር አሳይተውናል። ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ዉዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውሃ፣ ገላቸውን የሚታጠቡት ደግሞ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውሃ ነበር። ሙድ ማለት መካከለኛ እጅ ያለው ሰው ሁለት መዳፉን ገጥሞ ሲዘግን የሚሞላው ነው። ሷዕ አራት ሙድ ነው። በብዙኃኑ ዑለሞች ስሌት አንድ ሙድ ሦስት ሩብ ሊትር አይሞላም። እስቲ አንድ ቀን ቧንቧውን ዝጉና የአንድ ሊትር ሀይላንድ ሳትጨርሱ ዉዱእ ለማድረግ ሞክሩ። እኔ ሞክሬ ሁለተኛው እግሬ ላይ ስደርስ አልቆብኛል።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ዘንድ የሆነው ነገር ነው፤ እሱም ቡኻሪ ውስጥ አለ። ሰዎች ስለ ገላ መታጠቢያ ውሃ መጠን ጠየቋቸው። አንድ ሷዕ ይበቃል አሉ። ከመሃል አንዱ ለእኔ አይበቃኝም አለ። ጃቢርም ካንተ ይልቅ ፀጉራቸው ለበዛው፣ ካንተም ለሚበልጡት ይበቃቸው ነበር ብለው መለሱለት። ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ማለታቸው ነው። ሰውየው የቅንጦት ሰው አልነበረም። ንጹህ መሆን የፈለገ ሰው ነው። «ለእኔ አይበቃኝም» የምትለዋ ቃል አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው ከክፉ ሳይሆን ከጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለዚህም ነው የምታታልለን። (ወራጅ ወንዝ ዳር ብትሆኑም ውሃ አታባክኑ የሚለውን ሐዲስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኢብኑ ማጃህ የዘገቡት ሲሆን ሰነዱን ብዙ የሐዲስ ሊቃውንት ደካማ ብለውታል። የአነስና የጃቢር ዘገባ ስላለን አንቸገርም።)

አሁን ወደዚያ ወንድማችን እንምጣ። ስሙን ሳልጠራ እንድናገር ፈቅዶልኛል።

ተማሪ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ቤቱ ውስጥ ማሽን አለ። ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ «ጠብታ ነክቶኝ ይሆን?» ይላል። ሱሪውን ያወልቅና ማሽን ውስጥ ይከታል። አንድ ክዳን ፈሳሽ ሳሙና ያደርጋል፤ ልቡ አይረጋም፣ ይደግማል። ታጥቦ ሲወጣ ጨርቁ ያሙለጨልጫል። «ይህ የሚያሙለጨልጨው ነጃሳው ቢሆንስ?» ይልና እንደገና፣ አሁን በሦስት ክዳን። አንድ ሱሪ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ያጠበበት ጊዜ አለ። ሳሙናው እጁን ሰነጣጠቀው። ጓደኞቹ በሳሙናውና በመብራት ክፍያው ተጣሉት። መስጂድ ሲሄድ ምንጣፉን ማን ረግጦት ይሆን ብሎ ስለሚጨነቅ ቤቱ መስገድ ጀመረ፤ ቆይቶም ሰላቱን ከወቅቱ ማሳለፍ ጀመረ፣ ልብሱ አልደረሰለትማ። መልእክቱን የጨረሰው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ኡስታዝ፣ አምና ደርስ ላይ ከተጠራጠራችሁ ጨመር አድርጋችሁ እጠቡ፣ ጥንቃቄ ነው ብለውን ነበር። እኔ በዚያ ነው የምሠራው።»

ስልኬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ብያለሁ። ስለ ጦሃራ እየተናገርኩ በግድየለሾቹ ተናድጄ ያልኩት ነገር ነው። ግድየለሾቹ አልሰሙኝም፤ የሰማኝ ከመጠን በላይ የሚጠነቀቀው ነው። አስተማሪ ሆናችሁ ለምትመጡት ይህን ልብ በሉልኝ። አንድ መድኃኒት ለሁሉም ሰው ስታድሉ ቀድሞ የሚውጠው ያልታመመበት ሰው ነው።

በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀጥዬም ልብሱ ሲጀመርም ነጃሳ እንዳልነበረ ጻፍኩለት። በፊቅህ ከታላላቆቹ መሠረቶች አንዱ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ እንደማይነሳ ነው። ሱሪው ንጹህ እንደነበር ያውቃል፤ ጠብታው ግን «ይሆን?» ብቻ ነው። ላብ፣ አቧራ፣ የታክሲ ወንበር፣ ዝናብ የረጨው ጭቃ በ«ይሆን?» ነጃሳ አይባሉም። ያልተነጀሰ ልብስ ደግሞ ለሰላት ተብሎ መታጠብ አያስፈልገውም፤ ያለፉትን ሰላቶችም እንዳይመልስ ነገርኩት።

ከዚያ ስለ ሳሙናው። ዲናችን ነጃሳን ለማጥራት መሠረት ያደረገው ውሃን ነው፤ ሳሙና አጋዥ እንጂ መስፈርት አይደለም። መድረሳ የገባችሁ ታስታውሳላችሁ፣ በሻፊዒያ መዝሀብ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ የውሃ ዓይነቶች ናቸው። ራሱ ንጹህ ሆኖ ሌላውንም የሚያጠራ ውሃ አለ፤ ራሱ ንጹህ ሆኖ ሌላውን የማያጠራ አለ። ሁለተኛው ለምሳሌ በንጹህ ነገር በጣም ተለውጦ ዝም ብሎ «ውሃ» የማይባል የሆነው ነው። በሳሙና የተጥለቀለቀ ውሃ እዚህ ይገባል። እንግዲህ ልብስ ላይ በእርግጥ ነጃሳ ቢኖር፣ የሚያጠራው የመጨረሻው ንጹህ ማለቅለቂያ ነው። ወንድማችን ሳሙና በጨመረ ቁጥር ያንን ንጹህ ማለቅለቂያ ከራሱ እያራቀ ነበር። የሚፈራውን ነገር በራሱ ክዳን እየሰፈረ ማለት ነው። (በሐነፊያ መዝሀብ ነጃሳ በሌላ ንጹህ ፈሳሽም ሊወገድ ስለሚችል ጉዳዩ ይሰፋል። ጥቂት የሳሙና ሽታ ወይም ደብዛዛ አረፋ መቅረቱም ውሃውን ከውሃነት አያወጣውም። ይህን የምለው ለማንም አዲስ የጥርጣሬ በር እንዳልከፍት ነው፤ አንድ ጊዜ በቅቶኛል።)

ወስዋስ የዛሬ ነገር አይደለም። ኢብኑ ቁዳማ አል-መቅዲሲ፣ በ620 ሂጅሪያ ያለፉት ታላቅ ፈቂህ፣ ወስዋሰኞችን የሚመለከት ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፈዋል። ከእሳቸው በፊት የነበሩት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ነፍስ ጤና በጻፉት ኪታባቸው፣ ተደጋግመው የሚመጡ አስጨናቂ ሐሳቦችን ነፍስ ከምትታመምባቸው በሽታዎች ቆጥረው ሕክምናቸውን ተናግረዋል። ስለዚህ ለወንድማችን ተዐውዝ አድርግ፣ ትኩረት አትስጠው፣ አንድ ጊዜ አጥበህ አውጣ ካልኩት በኋላ የአእምሮ ሐኪም እንዲያይም ነገርኩት። «ኢማኔ ደክሞ ነው?» አለኝ። «ኢማን ያለው ሰው እግሩ አይሰበርም እንዴ?» አልኩት። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለው ካለ አይፈር። ሐኪም ቤት መሄድ ከተወኩል አያወጣም።

አሁን ከሁለት ሳምንት በፊት ዒሻ ላይ የመጨረሻው ሰፍ ላይ አየሁት። ስንጨርስ ፈልጌው ሄዶ ነበር። ያለፈው ሳምንት ደግሞ አልመጣም። አላህ ያግራለት፤ በዱዓችሁ አትርሱት።

ለቀሪዎቻችን የሚሆን ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ሳሙናው ዕቃ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ መጠኑ በልብሱ ብዛት፣ በእድፉ ክብደትና በውሃው ዓይነት ይለያያል። የፈሳሽ ሳሙና ክዳን ውስጥ መስመሮች አሉ፤ በፕላስቲኩ በራሱ ቀለም ስለሚሠሩ ብርሃን ላይ ካልያዛችኋቸው አይታዩም። ብዙ ጊዜ ለዘወትር ልብስ የሚሆነው የታችኛው መስመር ነው፤ ክዳኑ አፍ ድረስ እንዲሞላ ማንም አላዘዘም። «አውቶማቲክ» የማይል የእጅ ዱቄት ከፊት በሚከፈት ማሽን ውስጥ አትጨምሩ። ማንቆርቆሪያችሁ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ፣ ድሬዳዋ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ውሃው ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ስለሆነ ከሌላው ትንሽ ከፍ ያለ ሳሙና ይፈልጋል። ሳሙና ማሳነስም ጥፋት ነው። ያነሰው ሳሙና ያነሳውን እድፍ መሸከም ስለማይችል መልሶ ልብሱ ላይ ይጥለዋል፤ ነጩ ጀለቢያ እየከረመ የሚደበዝዘው በዚህም ነው። ሱረቱ ረሕማን ውስጥ ስለ ሚዛን የመጣውን አስተውሉ፤ ሚዛኑን ከማለፍም ከማጉደልም ተከልክለናል።

ማሽናችሁ ቀድሞ ሳሙና ጠግቦ ከሆነ፣ ባዶውን ያለ ሳሙና በሙቅ ውሃ አንድ ሁለት ጊዜ አስኬዱት። የበሩን ጎማ እጥፋት በጨርቅ ጥረጉ፣ ከታጠበ በኋላም በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ግን እንዳይገባበት ተጠንቀቁ።

በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቼ አንድ ቃል። ሳሙናው የእናንተ አይደለም፣ አማና ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። «ጨምሪ፣ አረፋው አነሰ» የምትል ማዳም ካለቻችሁ ደግሞ የአክስቴን ልጅ ዘዴ ሞክሩ፤ ከክርክር ይልቅ ታጥቦ የደረቀ ፎጣና አንድ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ።

እናቴ አሁን የምትለካው በቡና ሲኒ ነው። የሳሙናውን መስፈሪያ ከሲኒዋ ጋር አመሳክረን፣ ማሽኑ ሲሞላ አንድ ሲኒ፣ ለጥቂት ልብስ ግማሽ ብለን ተስማማን። ማሳከኩ ቀስ በቀስ ተዋት፤ እንቁላሏንም መልሳለች። ትናንት ሐሙስ ማታ ለጁሙዓ የምለብሰውን ጀለቢያ ይዤላት ሄድኩ። ግማሽ ሲኒ ሰፍራ ጨመረች፣ በሩን ዘጋች፣ ወንበር ስባ መስታወቱ ፊት ተቀመጠች። ጀለቢያው ይዞራል፤ አረፋ የለም ማለት ይቻላል። አንድ አምስት ደቂቃ ዝም ብላ አየችው።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ቁንጥር ታህል ልጨምርበት?»

«አብሽሪ እማ» አልኳት፣ «ይበቃዋል።»